አለ ገና

ሌላው ሰው በረዶን የሚያውቀው ሲወርድ ነው፣
ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ የመኪና መስታወት ሲሰነጥቀው።
የኔ ሥራ ግን የሚጀምረው ሁሉም ሲያበቃ ነው፤
ደመናው እንጦጦን ተሻግሮ፣ ፀሐይ አፍራ ስትመለስ፣
ከየበረንዳው ሥር የተጠጋው ሰው ተበትኖ፣ ጎርፉ ቁልቁል ሲፈስ።

ያኔ ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ እወጣለሁ፣
ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ጥላ ጥላውን እሄዳለሁ።
በረዶ የሚያመሽበትን ጥግ አንድ ባንድ አውቃለሁ።
ፖስታ ቤቱ ጀርባ ጄኔሬተሩ ያሞቀዋል፤ አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው።
ራስ መኮንን ድልድይ ሥር፣ እኔ ሳልደርስ ጎርፉ ነው የሚደርሰው።
ሠራተኛ ሰፈር፣ ከጋራዡ ግድግዳ ሥር፣ ልጆች ይወራወሩበታል፤
የተነካካ በረዶ ደግሞ ከመዝገብ ይወጣል።

አንድ ቀን አንድ ፖሊስ ጎንበስ ብዬ ሲያየኝ፣
«አባት፣ ምን ጠፋብዎት?» ብሎ ጠየቀኝ።
«ገና አልጠፋም» አልኩት፣ «እስኪጠፋ ነው የምጠብቀው።»
ሰዓቴንም አየ፣ እኔንም አየ፣ ሄደ። ምን ይበለው።

ሠላሳ ዓመት ማዘጋጃ ቤት የልደትና ሞት ጸሐፊ፣
አንዱን በግራ ዓምድ፣ ሌላውን በቀኝ፣ መጪና አላፊ።
«አለ ገና» የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ አልነበረም።
ጡረታ ስወጣ በማስመሪያ ሠራሁት፤
ለበረዶ ይሁን ለሌላ፣ ያኔ አላወቅኩም።

ከሁሉም አንዲት ጉራንጉር ነበረች፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ዝቅ ብላ፣
በሙሴ ጋራቤድ ፎቅና በጥልፍ ቤቱ ግንብ መሀል ተከልላ።
ፀሐይ በቀን አስር ደቂቃ ነው የምታያት፣ በማለፍ፤
በሁለት በኩል አሸንዳው በረዶውን ወደሷ ሲያራግፍ።
ከመግቢያዋ ላይ ዘርፌሽዋል፣ ጃንጥላ ጠጋኟ፣ በሣጥን ተቀምጣ፣
ማለዳ ትደውልልኛለች፣ ገና ከቤት ስትመጣ፦
«አለ ገና!»

መጋቢት ሃያ ሁለት። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ወረደ፣ ፍሬው ሽንብራ።
ማታ ጉልበቴን አለፈ። ሌሊቱን አደረ፣ ከአቧራው፣ ከሲጋራ ቁራጩ ጋራ።
ማግስቱን በአምስት ሰዓት የተኛች ድመት ያክል ነበር፤
በሰባት፣ የተረሳ ካልሲ፤ በስምንት፣ የሎሚ ፍሬ፣ ከግንቡ ሥር።
ስምንት ከሩብ ላይ ዘርፌሽዋል መነጽሬን ተውሳ አጎነበሰች፤
«ሄደ» አለች። የጃንጥላ ሽቦ እንደያዘች ዝም ብላ ቆየች።
ሃያ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ፤
እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ አምስቷን ሁለቴ አደመቅኩ።

አምና ጉራንጉሯ ፈረሰች። ስካቫተሩ ግማሽ ቀን አልፈጀበት፤
ድንጋዩን በገልባጭ ጫኑት፤ ጥላው ግን ፍርስራሽ እንኳ የለበት።
አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፣ ዘንባባ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መብራት፤
ያምራል፣ አልዋሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል፣ ሞልተውት።

ሰኔ አስራ ሰባት ወረደ፣ እንደ ድሮው፣ ጠጠር ጠጠር።
ከዘንባባው ሥር ቆሜ ሰዓቴን ያዝኩ። ሠላሳ አንድ ደቂቃ።
ምንም አልቀረ፣ ከእርጥበት በቀር።
ደብተሬን አጠፍኩ።

ማታ ስልኬ ጠራ። ዘርፌሽዋል ናት፣ ከገላን፣ ቤት የደረሳት እዚያ ነው።
«ጋሼ፣ ብሎክ ዘጠኝ ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር ክምር ብሏል፣
አለ ገና።»
«የነካው አለ?»
«ማን አባቱ! ወንበር አውጥቼ እየጠበቅኩት ነው።»

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደገመች፦ «አለ ገና።»
ሦስት ሰዓት ላይ፦ «አለ፣ ግን ቀጥኗል፤ ይምጡና
ይዩት።»

በመስኮት ወደ ደቡብ አየሁ። ትናንት በዚያ በኩል ሰማዩ
ጥርት ያለ ነበር መሰለኝ፤
እንጃ፤ አርጅተዋል ዓይኖቼ፣ ያዩ አላዩ።
«ገላን። በስልክ። ያልተረጋገጠ» ብዬ ጻፍኩ።
የመጨረሻዋን ቃል ልሰርዝ እስክሪብቶዬን እንዳነሳሁ
አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ ጮኸ፤
ጫማዬን በአንድ እጄ እየፈለግኩ አነሳሁት።